ፔዳሉ ተረግጦ ሞተሩ ለምን ይዘገያል?

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይጨምራል። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ነች፤ ከዚያ ወዲያ በጉና በኩል ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጋሸና ሲቀጥል መንገዱ 3,000 ሜትርን የሚያልፍበት ቦታ አለ። በዚህ መንገድ በዘመናዊ መኪና የሚጓዝ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ነዳጁን ረግጬ መኪናው ለምን ወዲያው አይነሣም? የሚከተለው ምልልስ ይህን ጥያቄ ይመረምራል። አንደኛው ተናጋሪ በመንገዱ የሚሠራ ሹፌር ነው፤ ሁለተኛው የአውቶሞቲቭ መምህር። ጉዳያችን ክርክሩ ነውና ስም አልሰጠናቸውም። የጸሐፊው አቋም በመምህሩ አንደበት ይነገራል፤ የሹፌሩ ተቃውሞዎች ግን ከእውነተኛ ችግር የሚነሡ ስለሆኑ ተገቢ መልስ ይገባቸዋል።

ሹፌሩ፦ መምህር፣ ቅሬታችን ባጭሩ ይህ ነው። ካርቡራተር ባለው በድሮው መኪና እግርና ሞተር በሽቦ ይያያዙ ነበር፤ ሲረገጥ ወዲያው ይመልሳል። የዛሬው ቪትዝም ሆነ አዲሱ ሃይሉክስ ግን ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚነሣው። ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ዳገት ላይ ግን ከፊት የጫነ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና እያዘገመ ሊቀደም ሲታሰብ ያቺ ትንሽ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ናት። መፍትሔ ሲጠየቅ አንዱ መካኒክ ስሮትሉ ይታጠብ ይላል፤ ሌላው ሴንሰሩ ይቀየር ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፔዳሉን የሚያፈጥን ሣጥን ከውጭ አስመጣ ይላል። ማንን እንመን?

መምህሩ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በመጀመሪያ በሽታውን እንለየው። አንተ አንድ አድርገህ የጠራኸው ነገር ሦስት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው በፋብሪካው ሆን ተብሎ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈ መዘግየት ነው። ሁለተኛው ከቶም መዘግየት አይደለም፤ አየሩ ስለሳሳ የመጣ የጉልበት ማነስ ነው፤ ለሹፌሩ እግር ግን መዘግየት መስሎ ይሰማዋል። ሦስተኛው እውነተኛ ብልሽት ነው። ሦስቱም መቀመጫው ላይ ላለው ሰው አንድ ዓይነት ስሜት ይሰጣሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፤ በደጋው አገር ማንኛውም ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ከፍታው በቁጥር ይታሰብ። ከፍታ ሞተርን ምን ያህል እንደሚያደክም አስቀድሞ ይታወቃል። ድካሙ ከዚያ ልክ ካላለፈ መኪናው ጤነኛ ነው፤ የሚለወጠው አነዳዱ ነው። ካለፈ ግን ብልሽት አለና ይፈለግ። ይህ ልክ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ሹፌሩ፦ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ። ፋብሪካ መኪናው እንዲዘገይ ለምን ይፈልጋል?

መምህሩ፦ በዛሬው መኪና ፔዳሉ ሥር ሽቦ የለም። ያለው እግርህ ምን ያህል እንደወረደ የሚለካ ሴንሰር ነው፤ እሱም ጥንድ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ለኮምፒውተሩ የሚልኩት ቮልቴጅ ሆን ተብሎ የተለያየ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልተጣጣሙ አያምናቸውም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ስሮትልም በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚሽከረከረው፤ እዚያም ጥንድ ሴንሰር አለ። አሠራሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በቢኤምደብሊው ውድ መኪኖች ታይቶ ከ2000 በኋላ እስከ ትንንሾቹ መኪኖች ወርዷል። በዚህ አሠራር ፔዳሉን ስትረግጥ ስሮትሉን ራስህ አትከፍተውም፤ ይህን ያህል ጉልበት እፈልጋለሁ ብለህ ትጠይቃለህ። ኮምፒውተሩ ጥያቄህን ከሞተሩ ሙቀት፣ ከማርሹ፣ ከጎማው መያዝና ከጭሱ ንጽሕና ጋር አመዛዝኖ ስሮትሉን በራሱ ልክ ይከፍታል። ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ቢመጣ መኪናው ይነጥራል፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሲያሉ ይመታሉ፣ የአየርና የነዳጁ ምጥጥንም ለቅጽበት ይዛባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሰከንድ አሥረኛዎች እንዲለዝቡ ይደረጋል። ኢኮ የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ይህ መለዘብ ይጨምራል፤ ፓወር ወይም ስፖርት ስትል ይቀንሳል። እንግዲህ በጤነኛ መኪና የመጀመሪያው ምርመራ ብር አያስወጣም፤ ዳገቱ ሳይጀመር ኢኮ መጥፋቱን ማየት ነው።

ሹፌሩ፦ እሺ፤ ግን ይህ መልስ አያረካኝም። እግሬ ካዘዘ በኋላ ሌላ ዳኛ መሐል ለምን ይገባል? ሽቦው ዳኛ አልነበረውም፤ ቢበላሽም መካኒኩ በዓይኑ አይቶ ይቀጥለው ነበር።

መምህሩ፦ ሽቦው ቅን አገልጋይ እንደነበረ አልክድም፤ ለመጠገንም ይቀል ነበር። ዳኛው የሚከፍልህን ግን ቁጠር። መኪናው በጭቃ ሲንሸራተት ጉልበት የሚቀንሰው፣ በኩርባ ላይ ከመስመር እንዳይወጣ የሚያግዘው፣ አውቶማቲኩ ማርሽ ሲቀይር የማይነጥረው ስሮትሉ በኮምፒውተር እጅ ስለሆነ ነው። አደጋ አለው ወይ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ዓለም በሰፊው መርምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ቶዮታ መኪኖቹ ሳይታዘዙ ይፈጥናሉ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ለጥገና ጠርቶ ነበር። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የናሳን መሐንዲሶች አሳትፎ ያስጠናው ጥናት በ2011 መጀመሪያ ይፋ ሲሆን ለአደገኛው መፍጠን ምክንያት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘም፤ የታወቁት ምክንያቶች ተንሸራቶ ፔዳል የሚይዝ ምንጣፍና ተጣብቆ የሚቀር ፔዳል ነበሩ። ናሳዎች ግን በአንዳንድ የፔዳል ሴንሰሮች ውስጥ ከቆርቆሮ ብረት የበቀሉ፣ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ክሮች ማግኘታቸውንም አልደበቁም፤ ሴንሰር ሊታመም ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሲረገጡ ፍሬኑ እንዲያሸንፍ የሚያደርግ አሠራር ተስፋፍቷል። ለእኛ ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወጣል። በግራ እግሩ ፍሬኑን እየነካካ ዳገት የሚወጣ ሹፌር ጉልበቱን ራሱ ሊያስቀንስ ይችላል። ሁለተኛ፣ በኋላ የተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ፔዳሉን ከመያዙም በላይ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ሊከለክለው ይችላል፤ ሹፌሩ እስከ ታች ረገጥሁ ሲል ሴንሰሩ ግን 80 በመቶ ብቻ ያያል። ምንጣፉን አንሥቶ መሞከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሹፌሩ፦ ይህ መልካም ምክር ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሁለተኛው ነው፤ መዘግየት የሚመስል ጉልበት ማነስ ያሉት።

መምህሩ፦ ሞተር ነዳጅ ብቻውን አያቃጥልም፤ የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ነው፤ ጉልበቱም በሚስበው አየር ክብደት ይወሰናል። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፤ በወረታ 82 ገደማ ይሆናል፤ በደብረ ታቦር 73 አካባቢ፤ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 70 ገደማ። ደጋው ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉዳቱን ጥቂት ይክሰዋል፤ ቢሆንም ቱርቦ የሌለው ሞተር ደብረ ታቦር ሲደርስ በባሕር ወለል ከነበረው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። በመጽሐፉ 70 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት የአንድ ሊትር ሞተር እዚህ 53 ገደማ ሆኖ ነው የሚሠራው። አሁን ይህ ለምን መዘግየት ይመስላል? ፔዳሉ የጉልበት ጥያቄ ነው ብዬሃለሁ። በቀጭን አየር ኮምፒውተሩ የጠየቅኸውን ጉልበት ለመስጠት ስሮትሉን ከቆላው ይልቅ አስፍቶ ይከፍታል። ስለዚህ በብዙ መኪኖች ፔዳሉ እስከ ግማሹ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅህም። ፔዳሉ ወደ ሁለት ሦስተኛው ሲጠጋ ግን ስሮትሉ ፈጽሞ ተከፍቷል፤ ከዚያ በታች ብትረግጥ የሚጨመር አየር የለም። እግር ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይጨምርም። ሹፌሩ ሞተሩ እያሰበ ነው ይላል፤ ሞተሩ ግን ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል። የድሮው ካርቡራተር እዚህ ከፍታ ላይ ጥቁር ጭስ ያበዛ ነበር፤ አየሩ ሲቀንስ ነዳጁን በልኩ የሚቀንስለት አልነበረምና። የዛሬው ሴንሰር ግፊቱን አይቶ ነዳጁን ስለሚመጥን ጭሱ የለም፤ ሹፌሩም ከፍታው ሞተሩን እንደነካው የሚነግረው ምልክት አጣ።

ሹፌሩ፦ ያለውን ሁሉ ከሰጠ ታዲያ ምን ቀረን? ሞተር አንለውጥ።

መምህሩ፦ ማርሽ ቀረህ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አራት ሰው የጫነች፣ ጠቅላላ ክብደቷ 1,250 ኪሎ የሆነ ትንሽ መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚያስወጣ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 27 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋታል። ያ የአንድ ሊትር ሞተር በደብረ ታቦር ከፍታ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ስሮትሉ ፈጽሞ ተከፍቶ እንኳ የሚሰጠው 18 ገደማ ነው። በደቂቃ 4,000 ሲዞር ግን ወደ 40 ይደርሳል። እንግዲህ በአምስተኛ ማርሽ ዳገቱን የጀመረ ሹፌር እስከ ወለል ቢረግጥም መኪናው ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም፤ የዘጠኝ የፈረስ ጉልበት ዕዳ አለበት። በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ያው ሞተር፣ ያው አየር፣ ያው ፔዳል ሆኖ የ13 የፈረስ ጉልበት ትርፍ አለው። መኪናው እንዲመልስልህ የሚያደርገው ይህ ትርፍ ነው። ማርሹ ደግሞ ከመርገጥህ በፊት መቀነስ አለበት። ረግጠህ፣ ጠብቀህ፣ አልመልስ ሲልህ ከቀነስህ ሦስት ጊዜ ዘገየህ ማለት ነው።

ሹፌሩ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ሞተርን በ4,000 ማጮህ ያቃጥለዋል፣ ነዳጅም ይፈጃል ሲባል ነው የሰማነው። መካኒኮቹም ሞተሩን አታስጩኸው ይላሉ።

መምህሩ፦ ምክሩ ለቀዝቃዛ ሞተርና ለሜዳ መንገድ ይሠራል፤ ለዳገት ግን ተገልብጦ ነው የሚነገረው። የቤንዚን መኪናዎች ሞተር ብዙውን ጊዜ እስከ 6,000 እንዲዞር የተሠራ ነው፤ 4,000 የሥራ ክልሉ ነው። ሞተርን ይበልጥ የሚጎዳው በዝቅተኛ ዙር ስሮትሉን ፈጽሞ ከፍቶ ዳገት ማስጨነቅ ነው፤ ፒስተኑና ኩሽኔታው በየዙሩ ከባድ ሸክም ይሸከማሉ፣ ዘይቱ በግፊት ያነሰ ይዘዋወራል፣ የውሃው ፓምፕም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሙቀቱ ይጨምራል። ስለ ነዳጁ ያልኸው በከፊል እውነት ነው፤ በከፍተኛ ዙር የሰበቃ ብክነት ይጨምራል። ነገር ግን ዳገቱ ራሱ የሚጠይቀው ሥራ አይቀርም፤ 900 ሜትር የሚወጣ ክብደት በየትኛውም ማርሽ 900 ሜትር ነው የሚወጣው። በዳገቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የምትጨምረው ነዳጅ ከሞተር ጥገናና ከአደጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሹፌሩ፦ አውቶማቲክ የሚነዳውስ? ቱርቦ ያለው ናፍጣስ? ቱርቦ ከፍታን ያሸንፋል ይባላል።

መምህሩ፦ ቱርቦ ከፍታን ያሸንፋል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ቱርቦው የሚሽከረከረው በጭሱ ኃይል ነው፤ ጭሱ እንዲበዛ ደግሞ ሞተሩ አስቀድሞ አየር መሳብ አለበት። በደጋ ያ የመጀመሪያው አየር የሳሳ ስለሆነ ቱርቦው ለመነሣት ይዘገያል፤ ያንኑ ግፊት ለመድረስም ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ስለዚህ በአዲሱ ሃይሉክስ የሚሰማህ እውነተኛ መዘግየት ነው፤ ከተነሣ በኋላ ግን ከፍታውን አብዛኛውን ይክሰዋል። መፍትሔው እዚህም ዙሩን አስቀድሞ ከፍ ማድረግ ነው። አውቶማቲኩ ሌላ መዘግየት ይጨምራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ማርሽ ልቀንስ ወይስ ልቆይ ብሎ ይወስናል፣ ከዚያ የካምቢዮው ዘይት ግፊት ተለውጦ ማርሹ ይቀየራል። በብዙ ቪትዞች ላይ ያለው፣ ማርሽ ሳይቀያይር በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ ደግሞ ሬሾውን ቀስ እያለ ስለሚለውጥ ሞተሩ ጮኾ መኪናው ወደኋላ የቀረ ይመስላል። ማንሻው ላይ ያሉት ኤስ፣ ኤል ወይም ቢ የሚባሉት ቦታዎች ለዚህ ነው የተቀመጡት። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማንሻውን ወደዚያ ያዞረ ሹፌር ለኮምፒውተሩ ውሳኔውን አስቀድሞ ነግሮታል፤ በሚያስፈልገው ቅጽበት የሚባክን ጊዜ የለውም። ቁልቁለቱን ሲመለስም ያው ማንሻ ፍሬኑን ከመጋል ያድንለታል።

ሹፌሩ፦ እንግዲህ ያ የፔዳል ሣጥን? የሞከሩት ሰዎች መኪናው ሌላ ሆነ ይላሉ።

መምህሩ፦ ሣጥኑ በፔዳሉና በኮምፒውተሩ መካከል ገብቶ ምልክቱን ያጋንናል፤ እግርህ 30 በመቶ ሲረግጥ 60 ረግጧል ብሎ ይናገራል። ሰዎቹ የሚሰማቸው ለውጥ እውነት ነው፤ ምንጩ ግን ያለ ሣጥኑም እጅህ ላይ አለ፤ ይበልጥ መርገጥ ነው። ፈተናውም ቀላል ነው። ፔዳሉን እስከ ወለል ረግጠህ መኪናው ከቆመበት ወይም ከአንድ ፍጥነት ተነሥቶ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ያለ ሣጥኑና ከሣጥኑ ጋር ለካ። እስከ ወለል ሲረገጥ ከ100 በመቶ በላይ የሚጋነን ነገር ስለሌለ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ። ሣጥኑ አንድ አየር አይጨምርም፤ የቱርቦውን መነሣትም አያፈጥንም። በደጋ ደግሞ ጉዳት አለው፤ ቀድሞውንም የፔዳሉ የታችኛው ክፍል ባዶ በሆነበት ቦታ ሥራ የሚሠራውን ክፍል ይበልጥ ያሳጥረዋል፤ በጭቃና በጠጠር ላይ እግርህን መጥነህ መንዳት ያስቸግርሃል። ሁለት ሴንሰሮች እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ በተሠራ መሥመር ላይ ባዕድ ዕቃ ማስገባትም የደኅንነቱን ሐሳብ ይጻረራል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ወጪ ነው።

ሹፌሩ፦ እስካሁን መኪናውን ሲከላከሉለት ነው የቆዩት። በእውነት የተበላሸውን ከጤነኛው በምን እለየዋለሁ?

መምህሩ፦ ይህ አካባቢ ጥሩ መመርመሪያ ሰጥቶሃል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ የ900 ሜትር ልዩነት። በወረታ ሜዳ፣ ባዶና ቀጥ ባለ መንገድ፣ ጎንህ የተቀመጠ ሰው ሰዓት ይዞ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስከ ወለል ረግጠህ ውጣ። ከዚያ ያንኑ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ድገመው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የአየር ልዩነት 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ታች 10 ሰከንድ የፈጀ ጤነኛ መኪና፣ ላይ 11 ወይም 11 ከግማሽ ይፈጃል። 15 ከፈጀ ከፍታው ሊመልስለት የማይችለው ነገር አለ ማለት ነው። በወረታም ድሮ ከነበረው ያነሰ ከሆነ ደግሞ በሽታው ከታች ጀምሮ አለ፤ ደጋውን አትክሰስ።

ሹፌሩ፦ ላቋርጥዎትና፣ ፈተናው ላይ ጥርጣሬ አለኝ። ወረታ ሜዳ ነው፣ ደብረ ታቦር ግን ዳገት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ ጥፋቱ የከፍታው ይሁን የዳገቱ በምን ይታወቃል?

መምህሩ፦ ተቃውሞህ ትክክል ነው፤ ፈተናው ዋጋ የሚኖረውም ሁኔታው እኩል ሆኖ ሲጠበቅ ነው። ላይም ሜዳ የሆነ ቁራጭ መንገድ መፈለግ አለበት፤ ያው ጭነት፣ ያው ማርሽ፣ ሞተሩ በደንብ የሞቀ፣ ኤሲው የጠፋ መሆን አለበት፤ ነፋሱን ለማካካስ በሁለቱም አቅጣጫ ሄዶ አማካዩን መያዝ ነው። እንዲህ ከተደረገ የተቀየረው አየሩ ብቻ ይሆናል። ችግሩ በሜዳው ፈተና ሳይታይ በዳገት ብቻ ከታየ ደግሞ ወይ በማርሽ አመራረጥ ነው፣ ወይ ለረጅም ጊዜ ብዙ ነዳጅ ሲጠየቅ የሚደክም ፓምፕ ወይም የተዘጋ የነዳጅ ማጣሪያ ነው። ሁለቱን ለመለየት ማርሹን ቀንሰህ ያንኑ ዳገት ውጣ፤ ዙሩ ከፍ ብሎም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚያንቀው ከሆነ የነዳጁን መሥመር ይመርምሩልህ።

ሹፌሩ፦ ወደ ጋራዥ ስሄድስ ምን ልጠይቅ?

መምህሩ፦ ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ምረጥ፤ ኮዱን አንብቦ ዕቃ ቀይር በማለት ብቻ እንዳያቆም ጠይቀው። ፔዳሉ ስንት በመቶ ላይ እንዳለና ስሮትሉ ስንት እንደተከፈተ መኪናው እየሄደ ጎን ለጎን ይታይ። የፔዳሉ ቁጥር ወጥቶ የስሮትሉ ወዲያው ከተከተለ ኤሌክትሮኒክሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ ከአየሩ፣ ከነዳጁ፣ ከካንዴላው፣ ከተዘጋ ማርሚታ ወይም ከካምቢዮው ይፈለግ። የፔዳሉ ቁጥር ወጥቶ የስሮትሉ ከቀረ፣ ወይም የፔዳሉ ቁጥር እየዘለለ ከሄደ ሴንሰሩና ስሮትሉ ይመርመሩ፤ ኮምፒውተሩ ጉድለት አይቶ ጉልበቱን በልክ የሚገድብበት ሁኔታም አለና የሞተሩ መብራት መብራቱን አትናቅ። አቧራማ በሆኑ የጠጠር መንገዶች የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው በመጽሐፉ ከተጻፈው ቀድሞ ይዘጋል፤ ከውድ ዕቃ በፊት እሱ ይታይ። ስሮትል ማጠብ በካርቦን ለተያዘው ይጠቅማል፤ ግን ከታጠበ በኋላ ኮምፒውተሩ የስሮትሉን መነሻ ቦታ እንደገና እንዲማር መደረግ አለበት፤ አለዚያ ሌላ ችግር ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በደጋ ያለ መካኒክ ለባሕር ወለል የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ጤነኛ ዕቃ ሊያስጥል ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲበራ የአየር ግፊት ሴንሰሩ የአካባቢውን ግፊት ነው ማንበብ ያለበት። መጽሐፉ 101 ኪሎፓስካል ይላል፤ በደብረ ታቦር 73 ያነበበ ሴንሰር ግን እውነቱን ተናግሯል። ይህን የማያውቅ ሰው ሴንሰሩ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። የሲሊንደር ኮምፕሬሽን ሲለካም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ሞተር እዚህ 9 አካባቢ ቢያሳይ በአብዛኛው ከፍታው ነው። ይህን ሳያስብ ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ የሚል መካኒክ ባለቤቱን ከባድ ወጪ ውስጥ ይከተዋል። ያው የአየር ግፊት ሴንሰር በደብረ ታቦር 95 ካነበበ ደግሞ እሱ ነው የታመመው፤ መጽሐፉን የያዘ ሰው ግን ጤነኛ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሹፌሩ፦ መቼም መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከእንግዲህ አይገቡም ብሏል። የኤሌክትሪክ መኪና አየር አይስብም። ይህ ሁሉ ድካም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከንቱ አይሆንም?

መምህሩ፦ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አይነካውም፤ ጉልበቱም ከፔዳሉ ጋር በአንድነት ይመጣል፤ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርድም የቁልቁለቱን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዚህ አገር የተሠራ ይመስላል ብትል አልቃወምህም። ሁለት ነገር ግን አትርሳ። አስቀድሞ የገቡት የነዳጅ መኪኖች ዕድሜያቸው እስኪያልቅ በዚሁ መንገድ ይወጣሉ፤ የጭነቱም ሥራ ገና በናፍጣ ነው። ሁለተኛ፣ በኤሌክትሪክ መኪናም ፔዳሉ ጥያቄ ነው፤ ኮምፒውተሩ ባትሪው ሲሞቅ ወይም ሲያልቅ ጉልበቱን ይገድባል፣ ኢኮ ሲባል ያለዝባል። ፔዳል ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሹፌር ወደዚያም እውቀቱን ይዞ ይሻገራል።

ሹፌሩ፦ አንድ የመጨረሻ ቅሬታ አለኝ። በንግግርዎ ሁሉ ሸክሙ በሹፌሩ ላይ ወደቀ። መኪናውን የሠራውና የሸጠው ነጻ ወጣ።

መምህሩ፦ ነጻ አልወጣም። መኪና ደጋ ለሚኖር ሰው የሚሸጥ ድርጅት ይህ ሞተር በ2,700 ሜትር ይህን ያህል ጉልበት አለው ብሎ መናገር ይገባዋል፤ ገዢው የባሕር ወለሉን ቁጥር ይዞ ቤቱ መግባት የለበትም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም የአካባቢውን ግፊት ማስተማር፣ ጋራዦችም ያንን ቁጥር ግድግዳቸው ላይ መለጠፍ ይገባቸዋል፤ ወረታ 82፣ ደብረ ታቦር 73። ይህ ሁሉ ግን እስኪሆን ዳገቱ ላይ ያለው ሹፌሩ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲመጡ በአንድ ሰከንድ 44 ሜትር ይቀራረባሉ። መኪናው ለመነሣት ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ 22 ሜትር ተበላ፤ ማርሽ ለመቀነስ ሌላ አንድ ሰከንድ ቢባክን 66 ሜትር ሆነ። በኩርባ ላይ ያን ያህል ቦታ የለም። መዘግየቱን ያወቀ ሹፌር ይህን ርቀት ከመውጣቱ በፊት ይቆጥራል፤ ማርሹን ቀንሶ፣ ዙሩን ከፍ አድርጎ፣ መኪናው መመለስ መጀመሩን አይቶ ነው መስመሩን የሚለቀው። ካልመለሰለት ከኤፍኤስአሩ ኋላ ይቆያል።

ሹፌሩ፦ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው ልበል፤ ኢኮውንና ምንጣፉን ማየት፣ ማርሹን አስቀድሞ መቀነስ፣ ታችና ላይ ለክቶ ከ10 በመቶው ጋር ማስተያየት፣ ካለፈ ብቻ ጋራዥ መሄድ፣ ጋራዡም 73ን እንዲያውቅ መጠየቅ። ሻጩ ይንገር ያሉትን ግን አልተውም።

መምህሩ፦ አትተው፤ ጠይቀው። ቁጥር ይዞ የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ ሻጩ ቁጥር ይዞ መመለስ ይጀምራል። ዕቃ የሚቀይረውም ጋራዥ እንዲሁ።